ከፎቶው ጥግ የጠፋሁ ሰሞን

ይሄን የምጽፈው ዓይኑ ደህና ለሆነ ሰው ነው። ዓይኑን አሁን እያመመው ያለ ካለ ማንበቡን ትቶ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ የእኔ ወሬ የትም አይሄድም፣ ሲመለስ ይደርስበታል። እኔ ያባከንኩት ጊዜ ለሁላችንም ይበቃል።

ነገሩ የጀመረው በስጦታ ነው። ልጄ ማህሌት ኮሌጅ በገባችበት ዓመት ለልደቴ ሰዓት ገዛችልኝ። አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ጮሆ የሚቀሰቅስ፣ ግን ደግሞ ፎቶ የሚያሳይ ሰዓት ነው። ሜሞሪ ካርድ ትከቱበታላችሁ፤ እሱ በራሱ ጊዜ ፎቶውን እየቀያየረ ሲያሳያችሁ ይውላል።

"ዳድ፣ አንተ እኮ ኔቨር ሆም ነህ" አለችኝ ስትሰጠኝ። "አሁን አት ሊስት ስትተኛ ታየናለህ።"

እውነቷን ነው። ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ከዴንቨር ኤርፖርት በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ የመጡ ሰዎችን በቫን ጭኜ ተራራው ላይ ወዳሉት ከተሞች አደርሳለሁ። ሌሊቱን ነድቼ ጠዋት አውሮራ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ሰናይት ወደ ሆቴል ሥራዋ፣ ማህሌት ወደ ትምህርቷ ትወጣለች። በር ላይ እንተላለፋለን። ከዚያ እኔ መጋረጃውን ዘግቼ በቀኝ ጎኔ ጋደም እላለሁ፣ ሰዓቱም ከፊቴ ሆኖ ቤተሰቤን በተራ በተራ ያሳየኛል። የማህሌት ክርስትና፣ ሠርጋችን፣ ፒክኒክ። እኔ በፎቶ ሁሉ ላይ ጥግ ነው የምቆመው። መሀል ከገባሁ ሆዴ ለሌላ ሰው ቦታ አያስተርፍም።

እንግዲህ አንድ ቀን በጨለማው ክፍል ተጋድሜ ሳለሁ በግራ ዓይኔ ዳር የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ፎቶው ሲቀየር ነው አልኩ። በማግስቱም ብልጭ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አሁንም ብልጭ። ይሄ ዕቃ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው፣ በተጨፈነ ዓይን ይገባል ብዬ አደነቅኩ። በኋላ ሲሰለቸኝ በፊቱ ደፋሁት። ተደፍቶም ብልጭታው አልቀረም። ይሄን ጊዜ ጤነኛ ሰው ቢሆን ይጠረጥራል። እኔ ግን ውስጡ የቀረ ኃይል አለ ብዬ ከሶኬቱ ነቀልኩት፤ ቤተሰቤ ሲናፍቀኝ መልሼ ሰካሁት።

ቀጥሎ ነቁጥ መጣ። የማህሌት ነጭ የክርስትና ቀሚስ ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። ስክሪኑን በፎጣ ጠረግኩ፣ በአልኮል ወለወልኩ፤ ነቁጡ ንቅንቅ አላለም። ጭራሽ መኪናዬ ውስጥ ተከትሎኝ መጣ። በጠራ ሰማይ ላይ ትንኝ ይመስል ዓይኔ በዞረበት ይዞራል። የቫኑን መስታወት ከውጭም ከውስጥም ሳጥበው ኤርፖርት ፓርኪንግ አብሮኝ ተራ የሚጠብቀው ታምሩ ሳቀብኝ።

"ምን ሆነሃል? ይሄን መኪና ልትድረው ነው እንዴ?"

ስነግረው ሳያስብ መለሰልኝ። "የዴንቨር አየር ነው። ደረቅ ነው። አፍንጫህ ይደማል፣ ከንፈርህ ይሰነጠቃል፣ ዓይንህ በምን ዕዳው ይቀራል? ውሃ ጠጣ።"

እዚህ ለኖረ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም። ዴንቨር ውስጥ በሽታው ሁሉ ድርቀት፣ መድኃኒቱ ሁሉ ውሃ ነው። ጠጣሁ። የተረፈኝ ነገር ቢኖር ከኤርፖርት እስከ ተራራው ሽንት ቤት ያለበትን ማደያ ሁሉ በቃሌ ማወቄ ነው።

ሰናይት አስገድዳኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ልጅ ጥሩ ልጅ ነበር፤ ትክክለኛውን ጥያቄም ጠይቆኛል። "ብልጭ የሚል ብርሃን ታያለህ?" አለኝ።

"አያለሁ፣ እሱ ግን ከሰዓቴ ነው" አልኩት፣ በኩራት። ልጄ የገዛችልኝ ነው ብዬ አሠራሩን ሁሉ አስረዳሁት። እሱም ብልጭታውን ከሰዓቱ ቆጠረው፣ ድርቀት ነው አለ፣ ጠብታ ሰጠኝ፣ ከባሰብህ ተመለስ አለኝ። በእሱ አልፈርድም። ሐኪም የሚያክመው የነገርከውን ነው፤ እኔ የነገርኩት የሰዓቴን ታሪክ ነው።

ከዚያ ከፎቶው ላይ መጥፋት ጀመርኩ።

ጋደም ብዬ ሳይ ከታች በግራ በኩል የስክሪኑ ጥግ ጨልሟል። በክርስትናው ፎቶ ላይ እዚያ ጥግ የቆምኩት እኔ ነኝ። የለሁም። ሠርጉ ላይ የእኔ እግር የለም። ሰናይት ከሥራ ስትገባ ጠየቅኳት።

"ከፎቶው ቆረጣችሁኝ እንዴ?"

"ማን ይቆርጥሃል? ይኸው ግድግዳ አክለህ ቆመህ የለም እንዴ!"

ብድግ ብዬ አየሁ። አለሁ። ተመልሼ ተኛሁ። የለሁም።

መጀመሪያ ሳቅኩ። በሦስተኛው ቀን መሳቅ አቆምኩ። ምክንያቱም ጨለማው እየሰፋ ነበር። እኔን ጨርሶ ክርስትና እናቷ ጋ ደረሰ፤ በሚቀጥለው ቀን ማህሌትን ያቀፈው ክንድ ጠፋ። የሚሄደው ወደ ልጄ ፊት ነው። ዓይኔ ነው ብዬ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ከሰው ሁሉ ወደ እሷ ለምን ይሄዳል? ማህሌት ትምህርት ቤት መድረሷን ለማወቅ ሦስት ጊዜ መደወል ጀመርኩ። ለምን እንደምደውል ለማንም አልነገርኩም። ሰው ምን ይለኛል? ግርማ ሰዓት ፈራ ይበሉኝ?

ቅዳሜ ሲሆን ዕቃው ተበላሽቷልና እንመልሰው አልኩ። ማህሌት እየነዳች ሃቫና ስትሪት ላይ ወዳለው የገዛችበት ሱቅ ወሰደችኝ፤ መንገዱን ሙሉ "ዳድ፣ ምንም አልሆነም እኮ፣ አይ ቼክድ ኢት" እያለች።

ዕቃ መመለሻው ጋ ሰልፍ ነበር። ተራችን ሲደርስ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ሰዓቱን ሰካችው። በራ። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፣ እኔም ጥጌን ይዤ ቆሜያለሁ።

"ምኑ ነው የተበላሸው?" አለችኝ።

"አሁን ደህና መስሏል። ቤት ነው የሚጨልመው። ስተኛ።"

"ስትተኛ?"

"አዎ፣ ስተኛ።"

ከኋላችን የቆመው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። ማህሌት "ኦ ማይ ጋድ" ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ላሳይሽ ብዬ ባንኮኒው ላይ በቀኝ ጉንጬ ጋደም አልኩ፣ ልክ ትራስ ላይ እንደምተኛው። "ይኸው! ይኸው ጠፋ!" ብዬ ወደ ጨለመው ጥግ ጣቴን ቀሰርኩ።

ጣቴም ጠፋ።

ሰዓት ደግሞ የሰው ጣት አይበላም።

እንደተጋደምኩ ዓይኔን ወደ ልጅቷ መለስኩ። ግማሽ ክንዷ የለም። የደረቷ ባጅ የለም። ወደ ማህሌት ዞርኩ። ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየኋት አላውቅም፤ እሷ ግን ንዴቷን ወዲያው ተወችው።

"አባዬ፣ ተነስ" አለችኝ። ከልጅነቷ ወዲህ አባዬ ብላኝ አታውቅም። "ቀኝ ዓይንህን ሸፍን። አሁን ግራህን።"

ግራውን ስሸፍን ዓለም ሙሉ ነው። ቀኙን ስሸፍን ከታች ከአፍንጫዬ በኩል ጥቁር መጋረጃ ተሰቅሏል። ለካ እነዚያን ሳምንታት ሁሉ በቀኝ ጎኔ ስተኛ ደህናው ዓይኔ ትራስ ውስጥ ተቀብሮ፣ የማየው በታመመው ብቻ ነበር። ብድግ ስል ደህናው ይሸፍንለታል።

ሰዓቱን ባንኮኒው ላይ ጥለን ወጣን። ያ ጉሮሮውን የጠረገው ሰውዬ ተራውን ትቶ፣ ሽቦው እየተጎተተ፣ ሰዓቱን አቅፎ እስከ መኪናችን ድረስ ሮጦ አመጣልን። ስሙን አላውቅም። እግዜር ይስጠው።

አውሮራ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገባን። ብሌን የሚከፍት ጠብታ ጨመሩብኝና ጠብቅ ተባልኩ። መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ዓይኑ የፈዘዘ ሰው ምን ያደርጋል? ያዳምጣል። የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚጠራ ስም፣ የእኔ ያልሆነ። ሰናይት ከሥራ በዩኒፎርሟ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። ሰናይት ሰው ፊት እጄን ከያዘች ነገሩ ከባድ ነው። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በአንድ ዓይን ያንን የተራራ መንገድ፣ በበረዶ፣ ሰው ጭኖ መንዳት አይቻልም። ሌላ ሙያ ደግሞ የለኝም። ቀልድ ካልተቆጠረ።

ያየችኝ ሐኪም በደማቅ መብራት ረጅም ጊዜ መረመረችኝና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ሬቲና የሚባለው ከዓይን ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት ያለ ስስ ነገር ነው፣ ብርሃኑን የሚቀበለው እሱ ነው አለችኝ። የእኔ ተቀድዷል። በቀዳዳው ፈሳሽ እየገባ ከግድግዳው እያላቀቀው ነው።

"ብልጭታ አይተህ ነበር?"

"አዎ" አልኩ። የዚያን ቀን ስለ ሰዓቱ አላወራሁም።

"ሬቲና ሕመም አያውቅም" አለችኝ። "ሲጎተት ማድረግ የሚችለው ብርሃን ማሳየት ብቻ ነው።"

ስንት ቀን ሲጮኽብኝ ከርሞ እኔ ሶኬት እነቅላለሁ!

"መሀሉ ገና አልተላቀቀም" ቀጠለች። "ፊት የምትለይበት፣ የምታነብበት መሀሉ ነው። ጫፉ ላይ ደርሷል። ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን እናደርግሃለን።"

"ቢቆይስ ኖሮ?" አለች ሰናይት።

ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ብዕሯን አነሳች።

ኦፕራሲዮኑን አልነግራችሁም፣ ተኝቼ ነበር። ወጪውንም አልነግራችሁም፣ ዓይኔ እንዲያለቅስ አይፈቀድልኝም። የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሬቲናውን መልሰው ከለጠፉ በኋላ ዓይኔ ውስጥ ጋዝ ሞሉበት፤ እስኪጣበቅ ድረስ የጋዙ አረፋ ደግፎ እንዲይዘው። አረፋ ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚንሳፈፈው። ስለዚህ አረፋው የዓይኔን ጀርባ እንዲገፋ ለአንድ ሳምንት ቀንም ሌሊትም በፊቴ ተደፍቼ መቆየት አለብኝ። እጄ ላይ አረንጓዴ አምባር አሰሩልኝ፤ ይሄ ሰው ዓይኑ ውስጥ ጋዝ አለ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

"አውሮፕላን የለም፣ ተራራም የለም" አለችኝ ሐኪሟ። "ከፍታ ላይ ስትወጣ ጋዙ ያብጣል፣ ዓይንህን ሊያጠፋው ይችላል።"

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ሥራዬ ተራራ ነው።"

"እኔ ሂድ እስክልህ አይደለም።"

ማህሌት ፊት ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ወንበር ተከራየችልኝ፣ ማሳጅ ቤት እንደሚታየው ያለ። ሳሎን መሀል ተደፍቼ ተቀመጥኩ። ያንን ሰዓት ከመኝታ ቤት አምጥታ ምንጣፉ ላይ በጀርባው አስተኛችልኝ፣ ልክ ከፊቴ ሥር። ስንት ስም የሰጠሁት ዕቃ ቴሌቪዥኔ ሆነ። ጠብታ የሚጨመርልኝ ሰዓት ሲደርስ ይጮኻል፤ የቀረውን ጊዜ በደህናው ዓይኔ ቤተሰቤን አያለሁ። ግራው የታሸገ ነው። ከማሸጊያው ሥር ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፤ ፍርሃቱም እሱ ነው። ሲያሳክከኝ ተላቀቀ እላለሁ። ሳያሳክከኝ ሲቀር ሞተ እላለሁ።

ግርማ ታመመ ሲባል መቼም ሰው አይቀርም። ግሌንዴልም ያለው፣ ዴንቨርም ያለው መጣ። እኔ የማየው ጫማ ብቻ ነው። ታምሩን በተረከዙ አበላል አወቅኩት።

"ውሃ ትጠጣለህ?" አለኝ።

"ታምሩ፣ በማርያም፣ ውጣልኝ።"

ሰናይት ለመጣው ሁሉ በር ላይ ትናገራለች፦ ቀና እንዳታስደርጉት፣ ከላይ ሆናችሁ አውሩት። ሁሉም ለማጅራቴ "እግዜር ይማርህ" እያለ ይሄዳል። ደህና ይዘነው ነበር፣ እስከ አራተኛው ቀን ድረስ።

በአራተኛው ቀን ሰናይት ኩሽና ሳለች በሩ ተከፈተ፣ ከዘራ ምንጣፉን ሲነካ ሰማሁ። ከከዘራው አጠገብ የተወለወለ ጥቁር ጫማ። አባባ በላይነህ ናቸው። ሰናይትን ሳገባ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ፣ ማህሌትን በስሟ የመረቁ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሰው። እግሬ ከእኔ አልተማከረም። ሰው እንዴት ለአባባ በላይነህ ቁጭ ይላል?

"ኖር!" ብዬ ብድግ አልኩ።

"በእግዜር! በእግዜር!" አሉ እጃቸውን እያርገበገቡ። "ኧረ ተቀመጥ ልጄ!"

እኔ ግን መነሳት ብቻ አይደለም፣ ቀና ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኩ። ሦስቴ። በኋላ ነው የሰናይትን ጩኸት የሰማሁት።

"ግርማ! ዓይንህ!"

ማሸጊያው ውስጥ የሆነ ነገር ዋለለ። ወንበሩ ላይ ተመልሼ ተደፋሁ። ሰናይት አንዴ እኔን፣ አንዴ ግድግዳውን ትቆጣለች፤ እሳቸውን እንዳትቆጣ።

ከዚያ ከዘራው ምንጣፉ ላይ ተጋደመ። ቀጥሎ ጉልበታቸው። "አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች ሰናይት። እያቃሰቱ በጀርባቸው ተኙና በክርናቸው እየዳሁ ራሳቸውን ከወንበሬ ሥር አስገቡት። ሰዓቱን በእጃቸው ገፋ አድርገው ቦታውን ያዙ። ነጭ ጢማቸው፣ ቀጥሎ ፊታቸው ከፊቴ በታች ብቅ አለ።

"አሁን ተያየን?" አሉኝ።

"ተያየን፣ አባባ።"

"እንዴት ዋልክ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት ዋሉ?"

"እኔማ ይኸው፣ ተኝቼ።"

ሳቅኩ፤ ሳቁ ደግሞ ዓይኔን ይጎዳው ይሆን ብዬ መሀል ላይ አቆምኩት። እሳቸው ግን አልሳቁም። እጃቸውን አንስተው ጉንጬን ያዙኝ። "ስማኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ አትነሳም። ልትነሳልኝ የሚገባህን ሁሉ አስቀድመህ ተነስተህልኛል" አሉኝ። እንባዬ በደህናው ዓይኔ ወርዶ ጢማቸው ላይ ተንጠባጠበ፤ እሳቸውም አልጠረጉትም። እሳቸውን ከዚያ ለማውጣት ሰናይትና ማህሌት ሁለቱም አስፈለጉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም። በሰላምታ ዓይኑ የጠፋ የመጀመሪያው ሰው እሆናለሁ እያልኩ አነጋሁት። በማግስቱ ቀጠሮ ነበረኝ። ማህሌት ነዳች፣ እኔ ጉልበቴን እያየሁ ሄድኩ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሌሎችም እንደኔ የተደፉ ነበሩ። ሁላችንም መሬት መሬቱን እናያለን፣ አንድ ላይ ሳንቲም የጠፋብን ይመስል። ለማንም ሰላም አላልኩም። ትምህርቴን ወስጃለሁ።

ለሐኪሟ ሁሉን ተናዘዝኩ። ሽማግሌ ሲገባ መነሳት ግዴታ መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ። ማሸጊያውን ፈታች፣ መብራቷን አበራች። ወደ ላይ እይ፣ ወደ ታች እይ። የማህሌት እግር ወለሉን ሲመታ እሰማለሁ።

"ይዟል" አለች በመጨረሻ። "እንደተጣበቀ ነው። ሽማግሌው ግን ሁለተኛ እንዳይመጡ።"

"ቢመጡም ችግር የለም" አለች ማህሌት። "ሂ ላይስ ዳውን፣ እሳቸው ይተኛሉ።"

ሳምንቱ አልቆ ቀና ስል በግራ ዓይኔ የሚታየኝ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያየው ነበር። ከዚያ ከላይ መስመር ብቅ አለ። ከመስመሩ በላይ ይታያል፣ ከመስመሩ በታች ይዋልላል፤ እየተጠጣ እንዳለ ብርሌ መስመሩ በየቀኑ ዝቅ ይላል። በመጨረሻ አረፋው ዶቃ አከለ። አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ፈለግኩት፣ የለም። አምባሩን ሐኪሟ ራሷ በመቀስ ቆረጠችልኝ። ቀኝ ዓይኔም ላይ የሳሳ ቦታ አግኝታ በሌዘር ቀድማ አጠረችው። አዲስ መነጽር ተሰጠኝ፣ የሹፌሮችን የዓይን ፈተና በሁለቱም ዓይኔ አለፍኩ።

ምክር ከፈለጋችሁ ይኸው። ዓይናችሁ ውስጥ ድንገት ብልጭታ ወይ የትንኝ መንጋ ካያችሁ፣ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነገ አትበሉ፣ ድርቀት ነው አትበሉ። አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ በሌላው እዩ፣ ደግሞ አገላብጡ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ያያችሁትን ብቻ ንገሩ፣ ምክንያቱን ለእሱ ተዉለት። እንዲህ ያለ በሽተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት "እንዳትነሳ" ብላችሁ ከበር ጩኹ።

ወደ ተራራው የተመለስኩት በረዶው ሲቀልጥ ነው። አረፋው እንደሌለ አውቃለሁ፣ ሐኪሟ ነግራኛለች፣ ወረቀትም አለኝ። ሆኖም መንገዱ መውጣት ሲጀምር እግሬ ሳላዘው ከነዳጁ ላይ ተነሳ። ጆሮዬ ጓ ባለ ቁጥር ዓይኔ መሰለኝ። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሹፌሩ ዝምተኛ ነው ሳይሉ አልቀሩም፤ የሚያውቀኝ ቢሰማቸው ይስቅ ነበር። ከላይ ደርሰን ሻንጣቸውን አወረድኩ፣ ሄዱ፣ ብቻዬን ቀረሁ። ቫኑን ተደግፌ ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ።

ሰናይት ጋ ደወልኩ።

"እ?" አለች፣ ትንፋሿን ይዛ። "ይታይሃል?"

"ሙሉውን ይታየኛል። ከጫፍ እስከ ጫፍ። የዛፉ መስመር ብቻ መሀል ላይ ትንሽ ይጎብጣል።"

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

"ታዲያ በእኛ ዕድሜ ማን ያልጎበጠ አለ?" አለችኝ። "ቀስ ብለህ ውረድና ና።"